ቪትዝ ላይ ያስገባሁት የፊት መብራት ሰው አይን ውስጥ እየገባ ነው፣ ዝቅ ሲል ደሞ ለኔ አይታየኝም

ቪትዝ ሳቢያን፦

ሰላም ድሬዎች ሰላም ሀረሮች። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

መኪናዋ የ2002 ሞዴል ቪትዝ ናት። ሚያዝያ ላይ ማታ ከሀረር ስመለስ አዴሌን እንዳለፍኩ ፍየል ገባችብኝና የቀኙ የፊት መብራት ተሰበረ፣ የግራውም ከድሮ ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ስለነበር በቃ ሁለቱንም ልቀይር ብዬ ያገለገለ ጥንድ ገዛሁ። ሻጩ ኦሪጅናል የጃፓን ነው በጅጅጋ በኩል የገባ ነው አለኝ፣ እውነትም እቃው ንፁህ ነው፣ ጭረት የለው፣ ጆሮዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው። እዛው ላይ ነጭ የሚያበራውን የኤልኢዲ አምፖል አስገባሁበት።

ከዛን ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት የሚመጣ ሁሉ ረጅም መብራት ይለኩስብኛል፣ ባጃጁም አይሱዙውም። እኔ ግን አጭር ላይ ነኝ! አንድ ቀን ደንገጎ ኩርባው ላይ አንድ የጭነት ሹፌር አቁሞ ወረደና "ወንድሜ ገደል ልትከተኝ ነበር እኮ" አለኝ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ጋራዥ ወስጄ አሳየሁ፣ ከኋላ ያለውን ብሎን አዙረው ዝቅ አደረጉልኝ። አሁን የሚለኩስብኝ ቀንሷል ግን አልቀረም፣ እኔ ደሞ የሚታየኝ አፍንጫዬ ስር ያለው አስፋልት ብቻ ሆነ። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስወርድ ኩርባው ከመድረሴ በፊት ምንም አላይም።

ሐምሌ 19 እናቴን ይዤ ቁልቢ ገብርኤል ልሄድ ነው። ያን ሰሞን በእግሩ የሚሄደው ህዝብ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሌሊት የመንገዱን ዳር ይዞ ነው የሚሄደው። ሰው ሳላይ እንዳልመታ ፈርቻለሁ። ይሄ መብራት የሚስተካከልበት ልክ የሆነ መንገድ አለው ወይስ በግምት ነው የሚሰራው? የትኛው ብሎን ነው ምን ያህል ነው ሚዞረው? የምታውቁ እባካችሁ።

ከዚራ ቱርቦ፦

ኤልኢዲውን አውጣና 100 ዋት ሀሎጂን አስገባ አቦ፣ የኔ ኮሮላ ላይ ሁለት አመት ሆነው ቀን ነው የሚያስመስለው። ዝቅ እንዳደረጉልህ ተወው፣ ጉልበት ሲጨመርበት ይታይሃል።

አውቶ ኤሌትሪክ ኮኔል፦

ወንድሜ 100 ዋቱን አትንካው። የቪትዝ አምፖል ኤች 4 ነው፣ 60/55 ዋት፣ ረጅሙ 60 አጭሩ 55። ሁለቱ አጭር አንድ ላይ ሲበሩ 110 ዋት ነው፣ በ12 ቮልት ስታካፍለው 9 አምፔር ገደማ፣ ገመዱም ሶኬቱም ስዊቹም የተሰራው ለሱ ነው። 100/90 የሚባለውን ስታስገባ አጭሩ ብቻ 15 አምፔር ይስባል፣ ሪሌይ (ከረንቱን በስዊቹ ፈንታ በቀጥታ ከባትሪ የሚያሳልፍ እቃ) ካልተሰራለት በድሬ ሙቀት ላይ ተጨምሮ ሶኬቱን ያቀልጠዋል፣ ከአምፖሉ ኋላ ሆኖ ብርሃኑን ወደ ፊት የሚመልሰውን ሪፍሌክተርም ያቃጥለዋል። እንደዛ የቀለጠ ሶኬት በእጄ ስንት እንደቀየርኩ አላስታውሰውም። ደሞ ያንተ ችግር የብርሃን ማነስ አይደለም፣ ብርሃኑ የሚሄድበት ቦታ ነው የጠፋው።

እስቲ ከስሩ እንየው። ኤች 4 አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ። የፊተኛው የአጭሩ ነው፣ ከስሩ እንደ ማንኪያ ያለች ትንሽ ብረት አለችው አይታችሁ ከሆነ። እቺ ብረት ናት ትልቁ ነገር። የአጭሩ ብርሃን ወደ ታችኛው የሪፍሌክተር ግማሽ እንዳይወርድ ትከለክለዋለች፣ ስለዚህ ወደ ሰው አይን ሊወጣ የሚችለው ብርሃን ገና ከመነሻው ይቆረጣል፣ ግድግዳ ላይ ስታበራ ከላይ ጨለማ ከታች ብርሃን ሆኖ መሀሉ ላይ ጥርት ያለ መስመር የሚታየው ለዛ ነው። ሪፍሌክተሩ ደሞ የተቀረፀው ክሩ ያለበትን ቦታ መነሻ አድርጎ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ኤልኢዲ ስታስገባ ቺፖቹ ልክ ክሩ የነበረበት ቦታ ላይ ካልተቀመጡ መስመሩ ይበተናል፣ በጣም የሚያበራ ይመስላል ግን ግማሹ ሰማይ ላይ ነው። ቺፖቹ ማየት ያለባቸው ወደ ጎንና ወደ ጎን ነው፣ ሰዓት ላይ 3 ቁጥርና 9 ቁጥር እንዳሉበት። አንገቱ ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ላልታ ቺፖቹ ወደ ላይና ወደ ታች የዞሩበት ብዙ መኪና ነው የሚመጣው። ጥሩ ኤልኢዲም ቢሆን ለሀሎጂን በተሰራ ቤት ውስጥ እንደ ሀሎጂኑ ጥርት ያለ መስመር ሲያወጣ ብዙም አላየሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ ብሎን እንዳትነካ። ደህና 60/55 ሀሎጂን ግዛና አስገባ፣ ሶስቱ ጥርሶች ገጥመው ፕላስቲኩ ላይ ልጥፍ ብሎ መቀመጡን እይ፣ ትንሽ ከተንጋደደ ራሱ ይበላሻል። ጎሚስታ ጋር ሂድና አራቱንም ጎማ እኩል አስነፋ። ከዛ መሬቱ ለጥ ያለ ቦታ ፈልግ፣ ከፊቱ ግድግዳ ያለው። መኪናዋን ግድግዳው ጋ አስጠግተህ የአምፖሉን መሀል ከመሬት ለካ፣ ግድግዳው ላይ በዛው ከፍታ በፕላስተር አግድም መስመር አድርግ፣ የሁለቱንም አምፖል ትክክል ደሞ በቁም ምልክት አድርግ። ከዛ በቀጥታ ወደ ኋላ 10 ሜትር ሂድ፣ በአይን ሳይሆን በሜትር ለክተህ። አንድ ሰው የሹፌር ቦታ ይቀመጥ፣ መኪናዋን ከፊት ጫን ጫን አድርገህ ልቀቃት ሱስፔንሽኑ እንዲረጋ። መሪው ጋ የመብራት ከፍታ ማስተካከያ ቁልፍ ካላት 0 ላይ ይሁን። አንዱን መብራት በጃኬት ሸፍነህ አንዱን ብቻ አብራ፣ ቶሎ ጨርሰህ አንሳው ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀቱ ይጎዳዋል። ያየኸውን ሳታስተካክል እንዳለ ፃፍልን።

ቪትዝ ሳቢያን፦

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ እንደዚህ ያስረዳኝ ሰው የለም። ትናንት ማታ እዚሁ ሳቢያን አንድ የመጋዘን ግድግዳ ፊት ዘበኛውን አስፈቅጄ ያልከውን ሁሉ አደረኩ።

የአምፖሉ ከፍታ 68 ሳንቲ ሜትር ነው። ሀሎጂኑን ሳስገባ መስመሩ ጥርት አለ፣ በኤልኢዲው ጊዜ እንደ ደመና ነበር ስለዚህ ያልከው እውነት ነው። መስመሩ ግን ካደረኩት ፕላስተር 35 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ሌላው የገረመኝ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም። ከቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ ይመጣና መሀል ላይ ሲደርስ ወደ ግራ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ሁለቱም መብራት እንደዛው ነው። የጎኑን ብሎን አዙሬ ላስተካክለው ብል ሙሉው ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ ሽቅብ የሚወጣው አይጠፋም። ይሄ የተበላሸ ነው?

ጅቡቲ መስመር፦

አልተበላሸም። የመጣበት ሀገር ነው ልዩነቱ። ሽቅብ የሚወጣው መኖር አለበት፣ ግን በቀኝ በኩል ነበር መሆን የነበረበት።

እኔ ሀያ አመት ነዳሁ፣ በደወሌ መስመር ጅቡቲ፣ በጅጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ድንበር፣ ይሄን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም ስለዚህ ልዘርዝረው። አጭር መብራት ሁለት ስራ አለው፣ ፊት ለፊት የሚመጣውን አይን አይነካም፣ የራስህን ዳር ደሞ አርቆ ያሳይሃል፣ እግረኛው ከብቱ ምልክቱ ያለው እዛ ነው። ለዛ ሲባል መስመሩ በመጪው መኪና በኩል ቀጥ ብሎ ዝቅ ይላል፣ በዳሩ በኩል 15 ዲግሪ ሽቅብ ይወጣል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ሽቅቡ በቀኝ ነው። ጃፓን በግራ ነው የሚነዱት ስለዚህ የነሱ ሽቅቡ በግራ ነው። የጃፓኑን መብራት እዚህ ስትገጥም ለዳር እግረኛ የታሰበው ብርሃን በቀጥታ የመጪው ሹፌር አይን ላይ ያርፋል፣ ያንተ ዳር ደሞ ጨለማ ይሆናል። 15 ዲግሪ ቀላል እንዳይመስልህ፣ ግድግዳው ላይ ከመታጠፊያው 1 ሜትር ወደ ጎን ስትሄድ መስመሩ 27 ሳንቲ ሜትር ወጥቷል ማለት ነው። ደንገጎ ላይ ያ ሹፌር አይኑ የጠፋው ለዚህ ነው። ሰውየው እውነቱን ነው።

ጃፓን ሆኖ በጅጅጋ በኩል የመጣው እንዴት ነው ካልክ፣ ሀርጌሳ ሄዶ ያየ ያውቀዋል፣ መንገዱ እንደኛው በቀኝ ነው የሚነዳው መኪናው ግን አብዛኛው መሪው ቀኝ የሆነ የጃፓን ነው። ከነዛ መኪኖች የተፈታ መብራት ነው ድንበር ተሻግሮ ቪትዝ ላይ የሚገጠመው። ሻጩም ላያውቅ ይችላል፣ ጆሮው ይገጥማል ሶኬቱ ይገባል ይበራል፣ ምን ይበለው። እኛም ሀገር እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የሚነዳው፣ የዞርን ጊዜ የነበሩት የድሮ ሹፌሮች መብራቱም አብሮ መዞር እንዳለበት ያውቁ ነበር ይባል ነበር ጋራዥ ስንሰራ። እውቀቱ ሳይጠፋ አልቀረም።

አሁን መስታወቱ ላይ ወይ ጠርዙ ላይ የተቀረፀውን ፅሁፍ እይልኝ። ክብ ውስጥ ትልቅ ኢ የሚለው የላቲን ፊደልና ቁጥር ካለ እሱ የአውሮፓ ደረጃ ማረጋገጫ ነው፣ ቁጥሩ ያፀደቀው ሀገር ነው፣ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን፣ 43 ጃፓን። ከስሩ ቀስት ከሌለ በቀኝ ለሚነዳ ሀገር የተሰራ ነው፣ የኛ ማለት ነው። ፊት ለፊቱ ቆመህ ስታየው ወደ ቀኝህ የሚያመለክት አንድ ቀስት ካለው በግራ ለሚነዳ ነው። በሁለቱም ጫፍ ቀስት ካለው ለሁለቱም ይሆናል። የተሰበረውን መብራት ጥለኸዋል?

ቪትዝ ሳቢያን፦

አልጣልኩትም እቤት ነበር። አሁን አየሁት፣ ክቡ ኢ አለ ቀስት የለውም። አዲስ ያስገባሁት ላይ ጭራሽ ክቡ የለም፣ የፋብሪካ ስምና ቁጥር ብቻ ነው።

አውቶ ኤሌትሪክ ኮኔል፦

ጅቡቲ መስመር ጨርሶታል፣ እኔ መጀመሪያ ኤልኢዲው ብቻ ነው ብዬ ነበር። ለጃፓን ገበያ የተሰራ የዛ ዘመን መብራት ብዙ ጊዜ ያ ክብ የለውም፣ ስለዚህ ግድግዳው ራሱ በቂ ምስክር ነው። ደሞ የድሮው መብራትህ ክቡ ካለው ያንተ መኪና ያሪስ ናት ማለት ነው፣ ይቺው ቪትዝ ለአውሮፓ ስትሰራ ያሪስ ነው የምትባለው፣ እኛ ጋ ሁለቱንም ቪትዝ ነው የምንላቸው። መብራት ስትፈልግ "የያሪስ፣ መሪው ግራ የሆነ" ብለህ ጠይቅ፣ ከመግዛትህ በፊት ክቡን እይ፣ ባትሪ ይዘው ግድግዳ ላይ ያብሩልህ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ያን 35 ሳንቲ ሜትር ደሞ እንዲሁ አንለፈው። በ10 ሜትር 35 ዝቅ ካለ፣ ከ68 ከፍታ ተነስቶ ብርሃኑ መሬት የሚነካው 19 ሜትር ላይ ነው። በሰዓት 80 ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ትሄዳለህ። ስለዚህ ከብርሃንህ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ስታይ አንድ ሰከንድ እንኳ የለህም፣ እግርህ ፍሬን ላይ ሳይደርስ ነው የምትደርስበት። ትክክለኛው ብዙ መኪና ላይ 1 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ መብራቱ አጠገብ ኮፈኑ ስር የተለጠፈ ወይ የተቀረፀ ነገር ላይ ይፃፋል፣ ከተፃፈ እሱን ተከተል። 1 ፐርሰንት ማለት በ10 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር፣ 5 ሜትር ብቻ ቦታ ካለህ 5 ሳንቲ ሜትር። በ10 ዝቅ ስታደርገው ብርሃኑ እስከ 68 ሜትር ይሄዳል። ከ19 ወደ 68 አስበው።

ምርመራ ላይ ቦሎ ስናሳድስ መብራት በራ አልበራ ብቻ አይተን እንዳናልፍ እኔ ሁሌ የምጮኸው ለዚህ ነው፣ የሚበራ መብራት ሁሉ የሚያሳይ መብራት አይደለም።

ሀረር አራተኛ፦

ይሄን ሳነብ ልቤ ነው የመታው ወላሂ። የኔ ቪትዝ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረች ናት፣ እንደዛ ሆና ነው የገዛኋት። አራት አመት ሙሉ ማታ ማታ መብራት ሲለኮስብኝ ሰዉ ለምን እንደሚቆጣኝ አይገባኝም ነበር። አሁን ሮጬ ወጥቼ ግቢው ግድግዳ ላይ አብርቼ አየሁ፣ ሽቅቡ በግራ ነው! መሪውን ያዞሩ ሰዎች ዳሽቦርዱን አዙረው መብራቱን እንዳለ ነው የተዉት። ከስራ ስወጣ አወዳይን የማልፈው ማታ ነው፣ ጫት ገበያው ሲደራ እናቶች ዘንቢል ይዘው መንገድ መሀል ናቸው፣ ስንቱን አይኑን አጥፍቼበት ይሆን። መብራቱን ለመቀየር አሁን ገንዘቡ የለኝም። ጥቁር ፕላስተር ይለጠፍበታል ሲሉ ሰምቻለሁ ይሰራል?

አውቶ ኤሌትሪክ ኮኔል፦

እህቴ እስክትቀይሪው ድረስ ይረዳል። እንግሊዞች በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ሲሻገሩ መብራታቸው ላይ የሚለጥፉት ነገር አለ፣ ሀሳቡ ያው ነው። ቦታውን በግምት አትለጥፊው። አንድ ሰው ግድግዳውን ይይ፣ አንቺ ትንሽ ካርቶን ይዘሽ መስታወቱ ላይ ቀስ እያልሽ አንቀሳቅሺ፣ በግራ ሽቅብ የወጣው ብርሃን ብቻ የሚጠፋበትን ቦታ ስታገኚ እዛ ላይ ነው የሚለጠፈው፣ ሌላውን አይንካ። ሁለቱንም መብራት ለየብቻ። በየሳምንቱ እይው፣ ሙቀቱ ሙጫውን ያላላዋል፣ ፕላስቲኩንም ምልክት ሊያደርግበት ይችላል። ዳርሽን እንደ ትክክለኛው መብራት አያሳይሽም ያን እወቂው፣ ፍጥነት ቀንሺ። የሰውን አይን ግን ያተርፋል። እኛ ጋ ብቅ ካልሽ ለጥፌ እሰጥሻለሁ፣ አላስከፍልም።

ከዚራ ቱርቦ፦

እኔም ልናገር። ከላይ የፃፍኩትን እንዳትሰሙ። ዛሬ ጠዋት የኔን ፈትቼ ሳየው የግራው ሶኬት ቡናማ ሆኖ አንዱ እግር ቀልጦ ተጣብቋል፣ ሪፍሌክተሩም ከላይ ጠቁሯል። 55ቱን መልሻለሁ። የግራው ግን ከቀኙ ደብዘዝ ይላል፣ ምን ይሆናል?

አውቶ ኤሌትሪክ ኮኔል፦

ሶኬቱን ቀይር፣ ከዛ ማሳውን ማለት ወደ ቦዲ የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ እይ፣ ቦዲ ላይ የታሰረችውን ብሎን ፈትተህ በብርጭቆ ወረቀት አፅድተህ መልሰህ እሰር። አብዛኛው ደብዘዝ የሚል መብራት ማሳ ነው። ከጠቆረው ሪፍሌክተር ግን የሄደው ብርሃን አይመለስም።

ሀረር አራተኛ፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ የኔ መስታወቱም ቢጫ ነው። በጥርስ ሳሙና ይፀዳል የሚሉትን አደረኩት ለሁለት ሳምንት ነጣ ከዛ ተመለሰ።

ጅቡቲ መስመር፦

የፀሀይ ነው፣ ፕላስቲኩ ላይ ከፋብሪካ የተቀባው መከላከያ ሲላጥ ነው ቢጫ የሚሆነው። በውሃ እያረጠቡ በብርጭቆ ወረቀት ከ1000 ጀምሮ 2000 ከዛ 3000 ይፈገፈጋል፣ በፖሊሽ ይታሻል፣ መጨረሻ ላይ ፀሀይ የሚከላከል ክሊር ካልተቀባ ግን ድሬ ላይ ብዙ ሳይቆይ ያው ነው። ቢጫው ብርሃኑን መቀነሱ ብቻ አይደለም፣ ይበትነዋል፣ ግድግዳ ላይ መስመሩ ጥርት አይልም። መጀመሪያ መስታወቱን አፅጂ፣ ፕላስተሩን ከዛ በኋላ ለጥፊ።

ቪትዝ ሳቢያን፦

ሰላም ናችሁ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ የያሪስ ጥንድ አግኝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ፣ ከመክፈሉ በፊት ክቡን ፎቶ አንስቶ አሳየኝ፣ ኢ አለ ቀስት የለም። ትናንት ማታ እዛው መጋዘን ግድግዳ ፊት ገጠምኩት። ቁመቱን የሚያስተካክለው ብሎን በኮከብ ካቻቪቴ ከላይ ነው የሚገኘው፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያልኩ፣ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ላይ አሳረፍኩት። የግራው ቀላል ነበር፣ የቀኙ ግን የፊት ብረቷ ከፍየሏ ጊዜ ትንሽ ገብታ ስለነበር መታጠፊያው ወደ ግራ ሸሽቶ ነበር፣ በጎኑ ብሎን ወደ ቁም ምልክቱ እስኪመጣ ብዙ ዞርኩ። አሁን ሁለቱም በግራ ቀጥ ብለው በቀኝ ሽቅብ ይወጣሉ። ኤልኢዲውን አልመለስኩትም፣ ሀሎጂን ነው ያለው።

ከዛው ደንገጎ ወጥቼ ወረድኩ። አስራ አንድ መኪና ፊት ለፊት መጣብኝ፣ ቆጥሬአለሁ፣ አንድም የለኮሰብኝ የለም። ኩርባዎቹ ላይ ደሞ የዳሩ ድንጋይ ገና ከሩቅ ይታያል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ቁልቢ ስንሄድ ኋላ እናቴና ሁለት እህቶቿ ናቸው፣ ሻንጣውም ይሞላል። ኋላዋ ሲወርድ ፊቷ አይነሳም?

አውቶ ኤሌትሪክ ኮኔል፦

ይነሳል። መሪው ጋ ያለችው ቁልፍ ለዛ ናት፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መብራቱ ዝቅ ይላል። ሰዎቹን አስቀምጠህ ግድግዳው ላይ እይና መስመሩ ከፕላስተሩ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ቦታ ላይ እስኪመለስ አዙራት፣ ብሎኑን አትንካ። ስትመለስ ባዶ ስትሆን ወደ 0 መመለስ አትርሳ።

ቪትዝ ሳቢያን፦

አሁን እናቴንና አክስቶቼን አስቀምጬ መጋዘኑ ጋ ሄድን፣ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር፣ ቁልፉን 2 ላይ ሳደርገው ተመለሰ። እናቴ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ግድግዳ ስናይ ምን እየሰራን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ በእግር የሚሄዱትን እንድናያቸው ነው አልኳት፣ ከዛ እሷ ራሷ ወርዳ መስመሩን አየችው። ሌሊት 10 ሰዓት እንነሳለን።